መስመር ዘለልክ

እህቴ ከሞተች ወዲህ ወዳጆቿ በዝተዋል። በሕይወት ሳለች ስልኳን የማያነሱ ሰዎች ዛሬ ስሟን ሲያነሱ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። በመታሰቢያዋ ዕለት የቴአትሩ አዘጋጅ ጥቁር ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ መድረክ ወጣና «እኚህን ታላቅ እናት ከተረሱበት ፈልጌ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ» ሲል በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። ማንም ፈልጎ አላወጣትም። በሁለት አውቶቡስ፣ ጉልበቷን እያሸች፣ በራሷ እግር ነው የሄደችው። ቀጥሎ ደግሞ ያ ሕዝብ የሳቀበት ንግግሯ የሁለታቸው የረጅም ጊዜ ጥናት ውጤት ነው አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄን ምን እንደነካው አላውቅም።

ተነስቼ «ውሸት ነው» ማለት ነበረብኝ። ግን ሰው በተሰበሰበበት አፌ አይፈታም። ሠላሳ አራት ዓመት የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ነበርኩ፤ በሥራዬ ከሰው ጋር የነበረኝ ወግ «ውሻውን እሰሩልኝ» ከማለት አያልፍም። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነ እጽፈዋለሁ።

እትዬ የምላት በሰባት ዓመት ስለምትበልጠኝ ነው። ከሃያ እስከ ሃያ ስድስት ዓመቷ መድረክ ላይ ሠርታለች። ከዚያ አገባች። ባሏ የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ ነበር። ደግ ሰው ነበር ይሉታል፤ እኔም ክፉ አልለውም። አንድ ቀን ግን ቴአትር ገብቶ ሚስቱ የሌላ ሰው ሚስት ሆና ስታለቅስ አየና «ለእኔ እንዲህ አልቅሰሽልኝ አታውቂም» ብሎ አኮረፈ። ኩርፊያው ሁለት ወር ቆየ። በሦስተኛው ወር እትዬ መድረኩን ትታ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠረች፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት የሰው ክስ በቁጥር ስትደረድር ኖረች። ጡረታ ወጣች። ባሏም ሞተ። እኛ ዘመዶቿ ከእንግዲህ ቁጭ ብላ ታረጃለች ብለን ተዝናንተን ነበር።

ስልሳ ሦስት ዓመቷ ላይ አንድ ጠዋት ጋዜጣ አጣጥፋ ይዛ ቤቴ መጣች። በዕድሜ የገፋች ሴት ተዋናይ ትፈለጋለች ይላል።

«እትዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ?» አልኳት።

«በዕድሜ የገፋች ነው እኮ የሚለው። ሌላ ምን ዕድሜ ላምጣላቸው?»

«ጭብጨባ አማረሽ?»

«ጭብጨባማ ለማንም ያጨበጭባሉ።» ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በመዳፏ ዳመጠችው። «ዝምታው ነው የናፈቀኝ። አንድ ቃል ስትናገር አራት መቶ ሰው ሳሉን ሳይቀር ይውጣል። እሱን አንድ ጊዜ ደግሜ ብሰማ ይበቃኛል።»

«ዝምታማ መዝገብ ቤት ሞልቶልሽ አልነበር?»

«የወረቀት ዝምታና የሰው ዝምታ አንድ ነው እንዴ? አንተ ደረቅ!»

ልጇ ፋርማሲስት ናት፤ ነገሩን ስትሰማ ነጭ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ከሥራዋ በርራ መጣች። «እማዬ፣ ሰው ምን ይላል?» አለች።

«ሰው ምን እንደሚል ልስማ ብዬ እኮ ነው የምሄደው» አለቻት እናቷ።

የተቀበላትን አዘጋጅ፣ ያንን ባለ ጥቁር ሻርፕ፣ ሠራተኛው ሁሉ ፕሮፌሰር ይለዋል። የትም አላስተማረም። ውጭ አገር ሦስት ሳምንት ሥልጠና ወስዶ የመጣ ሰው ነው፤ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎት አይቼ አላውቅም፣ ሁልጊዜ ግንባሩ ላይ ነው። ለፈተና ባዶ አዳራሽ ውስጥ አቁሟት «ማዘር፣ እስቲ እንደ አሮጊት ይራመዱልኝ» አላት።

እትዬ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተራመደች።

«አይ፣ አያሳምንም። ጎበጥ ይበሉ። እጅ ወደ ወገብ። ትንፋሽ ቁርጥ፣ ቁርጥ።» ራሱ ጎብጦ አሳያት።

«ይህን አረማመድ ስልሳ ሦስት ዓመት ነው የተለማመድኩት፤ ምኑ ጎደለ?» አለችው። «ደግሞ እርስዎ እንዲህ ካወቁበት ለምን እርስዎ አይሠሩትም?»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። የተቀበላትም ችሎታዋን አይቶ አይደለም። ከእሷ በፊት የአሮጊቷን ቦታ የያዘችው የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ፀጉሯ ላይ ነጭ ዱቄት ነስንሳ፣ ግንባሯ ላይ በእርሳስ መስመር አስምራ ትወጣለች። ስሟን ትተው ዱቄቷ ነው የሚሏት። ዱቄቷ ለጊዜው ቴሌቪዥን ላይ ሥራ አግኝታ ሄደች። አሮጊት ሆና የምትሠራ ወጣት ስለጠፋ በአሮጊት ተብቃቁ።

ተውኔቱ ስለ አንድ የተሸጠ ቤት ነው። እመቤቲቱ የአባቷን ቤት ሸጣ ልትሄድ ነው። ከሕፃንነቷ ያሳደገቻት አሮጊት ሠራተኛ በሦስተኛው ክፍል ስለ ቤቱ መስኮቶች ትናገራለች፤ የትኛው መቼ እንደተከፈተ፣ በየትኛው በኩል ማን ሲመጣ እንደታየ። መጨረሻ ላይ «እመቤቴ፣ እርስዎ ይሂዱ፤ እኔ መስኮቶቹን ዘግቼ እመጣለሁ» ትላለች። አትመጣም። እዚያው ትቀራለች፤ መብራት ይጠፋል። በቃ ይኸው ነው። ንግግሩ አሥራ አራት ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ፕሮፌሰር ዘጠኝ አደረገው። እትዬን ምክንያቱን ስጠይቃት «እመቤቲቱን የምትሠራዋ ‹ቆሜ ሳዳምጥ ፊቴ ይሰለቻል› ብላ ነው» አለችኝ።

እሷም በየአውቶቡሱ ጎን በተለጠፈው ማስታወቂያ ላይ ሳሙና ይዛ የምትስቀዋ ናት። እኔና እትዬ ቤት ውስጥ ሳሙናዋ ነበር የምንላት። ልምምድ የምትመጣው ሌላው ሰው ሊወጣ ሲል ነው። ቃሏን አትይዝም፤ አንዱን ደብዳቤ ላይ፣ አንዱን ማራገቢያዋ ጀርባ፣ አንዱን የሶፋው መደገፊያ ላይ ትጽፈዋለች። እትዬን «ማሚዬ» እያለች ጉንጯን ትስማታለች፤ ስማ ስትጨርስ ስልኳ ላይ ናት።

ቃል የማስያዙ ሥራ የወደቀው በእኔ ላይ ነው። ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ሳሎን ውስጥ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ እንገፋና እሷ ትቆማለች፣ እኔ ተቀምጬ የእመቤቲቱን አነባለሁ። አነባበቤ የቆጣሪ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሜትር ኩብ ሳነብ የኖርኩ ሰው ምን አደርጋለሁ?

«እመቤቲቱ እያለቀሰች ነው እኮ» ትለኛለች።

«ታዲያ እኔም እያነበብኩላት ነው።»

«ያለፈውን ወር ፍጆታዋን እየነገርካት ነው የሚመስለው!»

ከዚህ የባሰው ደግሞ ገጽ ስገልጥ ነው። ጣቴን በምራቄ አርሼ ስለምገልጥ ሁለት ገጽ አንድ ላይ ይሄድብኛል፤ መስመርም እዘላለሁ። እሷ ያን ጊዜ እጇን አጨብጭባ «መስመር ዘለልክ! ተመለስ!» ትለኛለች። እመለሳለሁ። ደግሞ እዘላለሁ። «መስመር ዘለልክ! ተመለስ!» በአራት ወር ልምምድ ይህን ስንት መቶ ጊዜ እንዳለችኝ አላውቅም። ጎረቤት የምትኖረው ስፌት ሠሪ እንኳ በግድግዳው በኩል ሰምታ «ጋሼ፣ ዛሬስ ስንት ዘለሉ?» ትለኝ ጀመር።

ጽሑፉ ላይ አሮጊቷ እመቤቷን ሁልጊዜ እርስዎ ነው የምትላት። ቤት ግን የእመቤቷ ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። እኔን ደግሞ እትዬ በጀርባዋ ካዘለችኝ ጊዜ ጀምሮ አንተ ነው የምትለኝ። ይህን ያኔ ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

ቴአትሩ ለአሥራ ሁለት እሁድ ነበር የታቀደው፤ ከሰዓት በኋላ። በመጀመሪያው እሁድ ከልጇ ጋር ሁለተኛው ረድፍ፣ በስተግራ ተቀመጥን። አዳራሹ ሞልቷል። የሳሙናዋ አድናቂዎች ገና ስትገባ ስላፏጩ የመጀመሪያው ክፍል ቃል ግማሹ አልተሰማም። እትዬ ግን ያለ ምንም ማይክራፎን፣ ሳትጮህ፣ እስከ በሩ ድረስ ትሰማለች። ልጇ ክንዴን ጨብጣ ነበር። እጇ ቀስ በቀስ ላላ።

ሦስተኛው ክፍል ደረሰ። ሳሙናዋ «ቤቱ ተሸጧል» አለች። ቀጥላ «ምነው ዝም አልሽ?» ማለት አለባት፤ እትዬ ንግግሯን የምትጀምረው ያን ስትሰማ ነው። ሳሙናዋ ማራገቢያዋን ገለበጠች። የተጻፈው ላብ ነክቶት ይሆናል፣ እንጃ፣ «በይ ደህና ሁኚ፣ መኪናው ቆሟል» አለችና ወደ በሩ ዞረች። ዘጠኙን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ተራምዳው ሄደች።

እትዬም እጇን አጨበጨበች። በዚያ አዳራሹን በሚሞላ ድምጿ «መስመር ዘለልክ! ተመለስ!» አለች።

ለእመቤቲቱ። ሐር ለብሳ፣ ጌጥ አንጠልጥላ ለቆመችው ለእመቤቲቱ፣ ዘለልክ።

መጀመሪያ የሳቀው ሰው እኔ ነኝ። ልደብቀው አልፈልግም። ሌላው ሰው ገና ምን እንደተባለ እስኪገባው እኔ ከየት እንደመጣ አውቄው ነበርና ከሆዴ ፈነዳ። ከዚያ አዳራሹ ተከተለኝ። ሰው ወንበሩን እየመታ፣ ጎረቤቱን እየደገፈ ሳቀ። ሳሙናዋ «እ?» አለች፤ ያም በሌላ ሳቅ ታጀበ። በመጨረሻ ተመልሳ «ምነው ዝም አልሽ?» ስትል፣ እትዬ ስለ መስኮቶቹ ጀመረች። እስከ ሰባተኛው ዓረፍተ ነገር ድረስ ሰው ይስቅ ነበር። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ነው የማየው።

መጋረጃው እንደወረደ ከመድረኩ ጀርባ ሄድኩ። እትዬ የአልባሳት ሣጥን ላይ ተቀምጣ እጇን ትመለከታለች።

ሳሙናዋ ትጮኻለች። «ወንድ አደረገችኝ እኮ! በአራት መቶ ሰው ፊት ወንድ! አንተ ብላኝ!»

«ማዘር፣ ምን በደልኩዎት?» ይላል ፕሮፌሰር። መነጽሩ ከግንባሩ ወድቆ አንዱ መስተዋቱ የለም። «ለዱቄቷ ደውሉላት። ዛሬውኑ ደውሉላት።»

ይህን እያለ በሩ ተከፈተና አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ገባ። ጭንቅላቱ እስኪወዛወዝ ያጨበጭባል። «ድንቅ ነው! ሠራተኛዋ እመቤቷን በተባዕት ፆታ መጥራቷ! ሥልጣን ወንድ ነው ማለታችሁ ነዋ! ሕይወት ራሷ መስመር የዘለለች ጽሑፍ ናት ማለታችሁ ነዋ! ይህን ማን አሰበው?»

ፕሮፌሰር ሣጥኑን አየ፣ ጋዜጠኛውን አየ። አንድ ትንፋሽ ያህል ነው የፈጀበት። «ብዙ ደክመንበታል» አለ።

እትዬ ቀና አለች። «ወንድሜ መስሎኝ ነው» አለች በቀስታ። ማንም አልሰማትም። ጋዜጠኛው እየጻፈ ነበር።

አውቶቡስ እየጠበቅን ሳለ «መጀመሪያ የሳቅከው አንተ ነህ» አለችኝ። «ሁለተኛ ረድፍ፣ በግራ። ያንን ሳቅህን ጥርስ ሳታወጣ ጀምሮ አውቀዋለሁ።» እኔም ይቅርታ አላልኩም። ይቅርታ ማለት ቀላል ነበር፤ አላልኩም።

ሐሙስ ልምምድ ሲጠሯት ጽሑፉ ተለውጧል። ሳሙናዋ ሆን ብላ ትዘላለች፣ እትዬ አጨብጭባ ያንን ትላለች፣ ሳሙናዋ «እ?» ብላ ዓይኗን ታንከባልላለች፣ ሰው ይስቃል፣ ከዚያ ትመለሳለች። ሳሙናዋም ታርቃለች፤ «እ?» የምትለው ላይ ለብቻዋ መብራት እንዲበራላት ተስማምተዋል።

«ስህተት ነው እኮ» አለችው እትዬ። «ሰው ስህተቱን ተሸክሞ ቤቱ ይገባል እንጂ እንዴት ያጠናዋል?»

«ማዘር፣ ጥበብ ማለት ይኼው ነው።»

«ጥበብዎን ለራስዎ ያድርጉት። እኔ የጀመርኩትን ንግግር ሰው ዝም ብሎ ቢሰማኝ ነው የምፈልገው።»

«ካልተመቸዎት ዱቄቷ ዝግጁ ናት» አለ ፕሮፌሰር ፈገግ ብሎ። ዋሽቷል ለማለት አልችልም፤ እትዬ ከሞተች በኋላ ቴአትሩን እንደገና ሲከፍት ዱቄቷን እውነትም አምጥቷታል። ልጅቷ የተማረች ናትና ሰዋስዉን አስተካክላ «መስመር ዘለልሽ! ተመለሺ!» አለች። አንድም ሰው አልሳቀም። አሁንም ለምን እንዳልተሳቀ በየሬዲዮው ይመራመራሉ።

እትዬ ተስማማች። በጣም ተናደድኩባት። «በዚህ ዕድሜሽ አሻንጉሊታቸው ሆንሽ» አልኳት፤ ከዚህም የከፋ ተናገርኳት፣ አልጽፈውም።

«ከቀልዱ በኋላ ዘጠኝ ዓረፍተ ነገር አለኝ» አለችኝ። «ሳቁ ቶሎ ካለቀ የቀረውን ይሰሙኛል። አንብብ አሁን።»

አነበብኩ።

እንዲህ አሥር እሁድ አለፈ። ሳቁ የሚያልቀው ስንተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እንደሆነ ሁልጊዜ ትነግረኝ ነበር። በሁለተኛው እሁድ ስድስተኛው ላይ አበቃ። በሦስተኛው አምስተኛው ላይ፤ ደስ አላት። ከዚያ ነገሩ በከተማው ተወራ። ሰው ቴአትር ለማየት ሳይሆን ያችን ቃል ለመስማት መምጣት ጀመረ፤ ሳቁ ተመልሶ ስምንት ደረሰ፤ በሰባተኛው እሁድ ከእሷ ቀድመው ከኋላ ወንበር «መስመር ዘለልክ!» ብለው ጮኹ። ማስታወቂያው ላይም በትልቁ ተጻፈ። የባንክ ጸሐፊ፣ የታክሲ ረዳት፣ ሐኪሟ ሳይቀር ሲያያት «እስቲ አንዴ ይበሉልኝ» ይላታል። ሐኪሟ ይህን ያለው ልቧን አዳምጦ ደረጃ እንዳትወጣ ከነገራት በኋላ ነው። መድረኩ ስድስት ደረጃ አለው። ልጇ መድኃኒቱን በቀን ከፋፍላ በትንንሽ ፖስታ እያደረገች ትሰጣታለች፤ «እማዬ፣ ይብቃሽ» ትላታለች።

«አንዴም አልሰማሁትም» ትላለች እትዬ። «አንድ እሁድ እንኳ።»

ከመጨረሻው እሁድ በፊት በነበረው ቅዳሜ እንደ ልማዳችን ወንበሮቹን ገፍተን ጀመርን። ሁለት ገጽ አብሮ ሄደብኝ። ጭብጨባዋን ጠበቅሁ። ምንም የለም። ቀና ብል እያየችኝ ቆማለች። አልተቆጣችም፣ አልረዳችኝም። ወረቀቱን አገላብጬ የዘለልኩትን ራሴ እስካገኝ ጠበቀች፤ ሳገኘው ቀጠለች። አሟት ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ መተላለፊያው ላይ የቆመ ሰው ነበር። ሦስተኛው ክፍል ሲጀምር ሁሉም ወደ ፊት ተጠጋ። አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ ሊቀርጽ አነጣጠረ። ሳሙናዋ «ቤቱ ተሸጧል» አለች። ማራገቢያዋን ገለበጠች፤ አሁን ለይስሙላ ነው። «በይ ደህና ሁኚ፣ መኪናው ቆሟል።»

እትዬ አላጨበጨበችም።

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ቀድመው ሳቅ ሲሉ ተሰማ፣ ከዚያ ቆመ። እትዬ እጆቿን አጣምራ ሳሙናዋን ታያታለች። ሳሙናዋ «እ?» አለች፤ መብራቱም በራላት፤ ለምን «እ?» እንዳለች ግን ማንም አልገባውም፣ የተባለ ነገር የለምና። ወደ በሩ አየች። ወደ ማራገቢያው አየች። ደብዳቤው ላይም ሶፋው ላይም ለዚህ የተጻፈ የለም። ዕድሜ ልኳን ሌላ ሰው ጽፎ የሰጣትን ስትናገር የኖረች ሴት በዚያ መብራት ውስጥ ብቻዋን ቆመች። በመጨረሻ፣ ጨንቋት፣ ከልቧ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ባለ ድምፅ «ምነው ዝም አልሽ?» አለች።

ጽሑፉም የሚለው ይህንኑ ነበር።

እትዬ ጀመረች። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ተናገረች፤ የሳቀ የለም። ሁለተኛውን። ሰው ሁሉ አሁን ልትለው ነው፣ አሁን፣ ከዚህ ቀጥሎ፣ እያለ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። ሦስተኛ፣ አራተኛ። ከፊቴ የተቀመጠ ሰው ማሳል ፈልጎ አፉን በመዳፉ ያዘ። ስልኮቹ እንደተቀሰሩ ናቸው። ስምንተኛው ላይ ትንፋሿ አጠረና ቆም አለች፤ በዚያ ቆምታ ውስጥ የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ ሲንጠራራ ተሰማኝ። ዘጠነኛውን ተናገረች። «እመቤቴ፣ እርስዎ ይሂዱ፤ እኔ መስኮቶቹን ዘግቼ እመጣለሁ።» መብራት ጠፋ። ለረጅም ጊዜ ማንም አላጨበጨበም። ሰዎቹ ገና እየጠበቁ ነበር።

ስንወጣ በሩ ላይ አንድ ሰው ለሚስቱ «ያችን ሳትል ቀረች እኮ!» ይላል።

«ረስታት ይሆናል፤ አሮጊት አይደለች?»

«ሳምንት ደግመን እንምጣ?»

«የመጨረሻው ነው ተባለ።»

«ታዲያ እኛ ምን አየን?»

ፕሮፌሰር ከጀርባ በር ተከትሏት ወጣ። «ማዘር፣ ረሱት እንዴ?»

«አልረሳሁትም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ሕዝብ…»

«ሕዝቡን ሰላም ይበሉልኝ» ብላው ጥላው ሄደች።

መንገዱን ተሻገርን። ፌርማታው ላይ ደረቷን በእጇ ይዛ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆመች። ፊቷ ላይ ኩሉ ፈስሶ ነበር፤ ልጠርግላት ብዬ መሐረብ ባወጣ እጄን ገፋችው።

«ሰማኸው?» አለች።

«ሰማሁት።»

ያ ዝምታ ምን እንደነበረ አውቅ ነበር። ቀልድ የሚጠብቅ ሰው ዝምታ ነው። ልንገራት ወይስ ልተወው እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት እሷ ቀደመችኝ።

«ቀልዳቸውን ነበር የሚጠብቁት» አለች። «የማላውቅ መሰለህ? መድረክ ላይ ያለ ሰው ሁሉን ያያል። አፋቸውን ከፍተው እንደ ዓሣ ነው የሚያዩኝ።» ሳቀች። «ዘጠኙንም ግን ሰሙ። ምርጫ አልነበራቸውም።»

አውቶቡሱ ሞልቶ መጣ። ከፊት የተቀመጠ ጎልማሳ አየት አደረጋትና ሊያስቀምጣት ተነሳ። ምናልባትም አውቋታል፤ ፊቱ ላይ ያ የፈገግታ ዝግጅት ነበር።

«ተቀመጥ፣ ተቀመጥ» አለችው። «ልቁም ዛሬ።»

ብረቱን ይዛ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ቆማ ሄደች። እኔ ተቀመጥኩ።